ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ልጆቻችን ደህና ናቸው አይባልልን

ለአሽኬሎን ከተማ አስተዳደር
ለጤና ጥበቃ፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ደህንነት ሚኒስቴሮች
ለማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ
ለብሔራዊ የሕፃናት ደህንነት ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ በአፍላ ዕድሜ ያሉ ሴት ልጆቻችን እርግዝናና ወሊድ ስለሚቆጠርበትና ስለሚያዝበት መንገድ የቀረበ አቤቱታ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ፣ በአሽኬሎን የምንኖር የቤተ እስራኤል እናቶችና አያቶች፣ ከጎናችን የቆሙ አባቶችና ሽማግሎችም ጭምር፣ ይህን አቤቱታ እናቀርባለን። ከመካከላችን ከ1984 ጀምሮ በሱዳን በረሃ አቋርጠን የገባን አለን። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 ከሚበልጡት ጋር በአንድ ቀን ተኩል የደረስን አለን። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት ጠብቀን በቅርቡ የመጣንም አለን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ውለታ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። በዚህ አገር ሴት ልጆቻችን ተምረዋል፣ መኮንን ሆነዋል፣ ነርስና ሐኪም ሆነው ሲያክሙን አይተናል። አቤት የምንለው ያገኘነውን ክደን ሳይሆን፣ ያላገኙት ልጆች ስላሉብን ነው።

በየዓመቱ የሲግድ በዓላችን ሲቃረብ የስታቲስቲክስ ቢሮው ስለ ማኅበረሰባችን መግለጫ ያወጣል። በ2022 መጨረሻ 168,800 ያህል እንደነበርን ያወቅነው ከዚያው ነው። ስንት ሕፃን እንደተወለደ፣ ስንት ሰው እንዳገባም ይነግረናል። የሕፃናት ደህንነት ምክር ቤትም ከ1992 ጀምሮ የዚህን አገር ልጆች ሁኔታ በየዓመቱ በመጽሐፍ እያተመ ይገኛል። መቆጠር ክፉ ነው አንልም። ያልተቆጠረ ሰው ይረሳል። ቅሬታችን የሚጀምረው ስለ ሴት ልጆቻችን ጭንቀት ባነሳንበት ቁጥር፣ «እዚህ አገር በልጅነት የሚወልዱ ጥቂት ናቸው፣ ቁጥሩም እየቀነሰ ነው፣ አትስጉ» የሚል መልስ ስለሚሰጠን ነው። እውነት ነው፣ በእስራኤል ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች በዓመት የሚወልዱት ከሺህ አሥር አይሞሉም። እኛ ግን በትሕትና፣ ሳናመነታም፣ መልሱ አይበቃም እንላለን።

መለኪያው ለምን እንደተመረጠ እናውቃለን። ዩኒሴፍ በ2001 የበለጸጉ አገሮችን በዚሁ ቁጥር አሰልፎ አሳየ፤ በ2007 ደግሞ የልጆችን ደህንነት ከሚመዝንባቸው ነገሮች አንዱ አደረገው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦችም ከ10 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ልጆች ወሊድ ተለይቶ እንዲቆጠር ይጠይቃሉ። በዚያ ዕድሜ የወለደች ልጅ ትምህርቷ ይቋረጣል፣ ድህነት ይከተላታል፣ የሕፃኑም ጤና ያሰጋል ከሚል ነው። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ከፈረምነው አያቶች ብዙዎቻችን በጎንደር ገጠር የተዳርነው የወር አበባ ሳናይ ወይም ባየን ማግስት ነው። ምጥ ቀናት ሲቆይባቸው ልጁም ሞቶ እነሱም ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው ከሰው የተገለሉ እህቶች በየመንደሩ ነበሩ። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለእነሱ ነው። ስለዚህ ልጅ ልጅ እንዳትወልድ ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን።

ነገር ግን የወሊድ ቁጥር የሚነግረን መጨረሻውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ልጅቷ ላይ የሆነውን አይነግረንም። ለዚህ ከመጣንበት አገር የተሻለ ማስረጃ የለንም። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 13ቱ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል። በአፋር ከመቶ 23 ነው። በአማራ ክልል ግን ከመቶ 8 ብቻ ነው። ይህን አንድ መስመር ያነበበ ሰው፣ የአማራ ልጅ ከሌሎቹ ይልቅ ልጅነቷን ጠግባ ታድጋለች ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። በዚያው ጥናት ግን ሴቶች እጅግ ቀድመው ከሚዳሩባቸው ክልሎች አንዱ አማራ ነው። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በ2000 የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርግም ድግሱ አልቆመም። የወሊድ መከላከያው በስፋት ስለተዳረሰ ልጅቷ ተድራ ሳትወልድ ትቆያለች፤ ከትምህርት ቤት ግን ወጥታለች፣ ሳትጠየቅም ለባል ተሰጥታለች። ቁጥሩ ዝቅ አለ፣ እሷ ግን አልዳነችም። ሚዛኑ ልጅቷን ሳይሆን ሆዷን ብቻ ነው የመዘነው።

በበለጸጉትም አገሮች እንዲሁ ነው። በ2001 የዩኒሴፍ ዝርዝር ከሺህ ሰባት የማይሞላ ቁጥር ከነበራቸው አምስት አገሮች ሆላንድና ስዊድን፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ይገኙበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልጆቻቸውን በግልጽ አስተምረው፣ የጤና አገልግሎቱን ለወጣቱ ከፍተው እዚያ ደረሱ። የኋለኞቹ ሁለቱ በአብዛኛው በጠባቂ ባህላቸው ነው። በሰንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሕይወት ግን በአራቱም ዘንድ አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ቁስል እንመጣለን፤ ሳናነሳው ብናልፍ አቤቱታችን ጎደሎ ይሆናል። ኢሻ ሌኢሻ የተባለው የሃይፋ የሴቶች ድርጅት ባወጣው ጥናት፣ ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለውን ለሦስት ወር የሚያገለግል የወሊድ መከላከያ መርፌ ከሚወስዱት መካከል ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች ከሕዝብ ቁጥራቸው ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ በዝተው መገኘታቸውን አሳወቀ። በ2012 መጨረሻ ጋዜጠኛ ጋል ጋባይ በትምህርታዊ ቴሌቪዥን ባቀረበችው ዝግጅት፣ ሴቶች ምንነቱን በቅጡ ሳይረዱ ገና በኢትዮጵያ የጉዞ መጠበቂያ ጣቢያ ሳሉ መወጋት እንደጀመሩ በአንደበታቸው ተናገሩ። በጥር 2013 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ፕሮፌሰር ሮኒ ጋምዙ ለአራቱም ቁፓት ሆሊሞች (የጤና መድን ድርጅቶች) ደብዳቤ ጽፈው፣ የመርፌውን ውጤት አልተረዱም ተብሎ ለሚጠረጠሩ ሴቶች ማዘዣው እንዳይታደስ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲጠራ አዘዙ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሴቶቹ ተገደዋል የሚለውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳላገኘ ገለጸ።

ተገደዋል፣ አልተገደዱም የሚለውን ሙግት እዚህ አንከፍትም፤ ከመካከላችን የተወጉ አሉ፣ የየራሳቸውን ያውቃሉ። የምንለው ይህን ነው፦ በእነዚያ ዓመታት የልደት ቁጥራችንን ብቻ ያየ ሰው «ተሻሽለዋል፣ ከአገሩ ጋር ተላምደዋል» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። ከቁጥሩ በስተጀርባ ግን ያልገባትን ነገር እጇን ዘርግታ የተቀበለች ሴት ነበረች። የለገስነው ደም ሳይነገረን ሲደፋ መኖሩን በ1996 ከሰማንበት ቀን ጀምሮ «አትስጉ» የሚለው ቃል ብቻውን አያሳርፈንም። ከዚህ በኋላ የልጆቻችን ወሊድ ቀነሰ ሲባል፣ በምን ቀነሰ? አውቃ፣ ተረድታ፣ ፈቅዳ ነው ወይ? ብለን ብንጠይቅ እንደ ነገረኛ አትቁጠሩን።

መረዳት እንዴት እንደሚጎድል አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ከመካከላችን አንዷ በአንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ትሠራለች። አንድ ቀን ቆሻሻ ልታወጣ ወደ ምርመራው ክፍል ስትገባ፣ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪና ዕብራይስጥ የማያውቁ እናቷ ሐኪሟ ፊት ተቀምጠዋል። ልጅቷ ሆዷን አሟት ነው የመጡት። ሐኪሟ የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ «ትናንት ማታ ምን በላሁ?» አለች። እናት «እንጀራ በሽሮ ነው እንጂ ምን በላሽ» አሉ። ልጅቷ መልሳ ለሐኪሟ በዕብራይስጥ «የዛሬ ሦስት ሳምንት» አለቻት። ሐኪሟ ጻፈች። እናት አመስግነው ተነሡ። የልጅቷ ማርገዝ የታወቀው ሆዷ ገፍቶ፣ አምስት ወር ካለፋት በኋላ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሐኪሟ የሚገባውን ጠይቃለች፤ ከደጅ ወረፋው ተሰልፏል። እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተዋል። ልጅቷ ፈራች፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የጎደለው ሁለት ነገር ነው፦ ለአምስት ደቂቃ እናቷን ደጅ አቆይቶ ልጅቷን ብቻዋን የሚያናግር ሰው፣ ለእናቲቱም ከገዛ ልጃቸው ሌላ የሆነ አፍ። የሕሙማን መብት ሕግ ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ታካሚው በሚገባው መንገድ ተነግሮት ፈቃዱን እንዲሰጥ ያዛል። ጤና ጥበቃ በ2011 ባወጣው መመሪያም የጤና አገልግሎት በቋንቋና በባህል ለሁሉ ተደራሽ እንዲሆን አዟል። በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ ትርጉም እንዳለም እናውቃለን። ስልኩ ግን ካልተነሣ ምን ይጠቅማል? ወረፋ ሲበዛ፣ ልጅ ካለች ልጅቷ ታስተርጉም ይባላል።

ስለ አስተርጓሚ ካነሳን ሌላም ነገር አለ፣ የማኅበረሰባችንን ጠባይ የማያውቅ ሰው ላያስበው ይችላል። እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ የምንቆጥር ሕዝብ ነን። በአንድ ከተማ ውስጥ የምትቀመጥ አስተርጓሚ ለልጅቷ ወይ በአባቷ ወይ በእናቷ በኩል ትዛመዳለች። ባትዛመድ እንኳ በሰርግና በልቅሶ ከእናቷ ጋር ትገናኛለች። እንዲህ ባለች ሴት ፊት ልጅ ምስጢሯን አታወጣም። አስተርጓሚዋ ታማኝ አይደለችም ማለታችን አይደለም፤ ታማኝ መሆኗን ልጅቷ ማመን ስለማትችል ነው። ድምፁ ከሌላ ከተማ የሚመጣ፣ ስሟንም ሆነ መልኳን የማያውቅ ሰው ያስፈልጋታል።

ቁጥሩ የሚያሳልፋቸው ደግሞ ብዙ ናቸው። ከ15 እስከ 19 ብሎ በአንድ ከረጢት የሚያስገባው መለኪያ፣ በ19 ዓመቷ ወድዳ አግብታ የወለደችን ሴት ከአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ጋር ያደባልቃል። በዚህ አገር በአሥራዎቹ ዕድሜ ከሚወልዱት የሚበዙት 18 እና 19 የሞላቸው፣ ያገቡ ሴቶች ናቸው። የጋብቻ ዕድሜ በ2013 ከ17 ወደ 18 ከፍ ብሏል፤ እስራኤል በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነትም ሕፃን የሚለው 18 ያልሞላውን ነው። እንግዲህ ስለ ሕፃናት ደህንነት የሚናገር ቁጥር ሕፃናትን ለብቻቸው ሊቆጥር ይገባዋል። ጥቂት ናቸው ከተባለ፣ ጥቂት መሆናቸው እያንዳንዷን በስም አውቆ ለመርዳት ይመቻል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

በወሊድ ያላበቃውም እርግዝና አለ። ከ1977 ጀምሮ ባለው ሕግ ያለ ዕድሜዋ ያረገዘች ልጅ ወላጆቿ ሳይፈቅዱላት ለእርግዝና ማቋረጫ ኮሚቴ ማመልከት ትችላለች። ይህ ነገር በመካከላችን ከባድ ነው፤ ሽማግሎቻችንና እናቶች በአንድ ቃል አንናገርበትም። ሕጉ ይለወጥ፣ የልጅቷ ምስጢር ለእኛ ይነገረን ብለን ግን አንጠይቅም። የምንጠይቀው፣ ብቻዋን ገብታ ብቻዋን የወጣችው ልጅ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ማን ደወለላት? የሚለውን ነው። በወሊድ ሰንጠረዥ ላይ እሷ የለችም። በሰንጠረዡ ላይ ባለመኖሯ ደህና ከሚባሉት ተቆጥራለች።

የወለደችውስ? የግዴታ ትምህርት በ2007 በወጣው ማሻሻያ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተራዝሟል። የ16 ዓመት እናት እንግዲህ በሕጉ ፊት ገና ተማሪ ናት። ከምናውቃቸው አንዷ ግን አራስነቷ ሳይወጣ ከክፍል ስም ዝርዝር ወጣች፤ ወረቀቱ ላይ «በራሷ ፍላጎት» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ የፈለገችው ሕፃኑን የሚይዝላት ነበር። በማዖን (የሕፃናት መዋያ) ለማስመዝገብ ሥራ ወይም ትምህርት ላይ መሆኗን አሳዪ ተባለች፣ ትምህርት ለመመለስ ደግሞ ሕፃኑን የምታኖርበት አልነበራትም። እናቷ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው የሚገቡ ሴት ናቸው። እንዲህ ተጠላልፎ ዓመቱ አለቀ። በዓመቱ መጨረሻ የተቆጠረው አንድ ወሊድ ነው፤ አንድ ትምህርት የተዘጋባት ልጅ ተብሎ የተቆጠረ የለም።

አባቶቹም አልተቆጠሩም። የልጅቷ ዕድሜ በሁሉም ወረቀት ላይ አለ፤ ያስረገዛት ሰው ዕድሜ ግን በምናያቸው ሰንጠረዦች ውስጥ የለም። የክፍል ጓደኛዋ ነው ወይስ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ከ1989 ጀምሮ ለልጅ ኃላፊነት ያለበት ሰው በልጁ ላይ ጥቃት መፈጸሙን የጠረጠረ ሁሉ፣ ሐኪምም መምህርም ጭምር፣ ማሳወቅ በሕግ ይገደዳል። አንዲት ልጅ አርግዛ በመጣች ጊዜ ይህ ጥያቄ በአክብሮት፣ በምታምነው ሰው ይጠየቅልን። በእኛም ቤት፣ ሽማግሎች ነገሩን በእርቅ እንዝጋው እያሉ የሚሸሽጉት እንዳለ እናውቃለን። ከዚህ በታች የፈረሙት ሽማግሎች እንዲህ ያለውን እርቅ እንደማያስታርቁ ቃላቸውን ሰጥተዋል።

ስለ ጋዛው ጦርነትም በአጭሩ እንናገር። አሽኬሎን ከጋዛ ድንበር ከአሥር ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ ናት፤ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው ደግሞ ማማድ (በቤት ውስጥ የሚሠራ የተጠናከረ መጠለያ ክፍል) ግዴታ ከመሆኑ በፊት በተሠሩ አሮጌ ሕንፃዎች ነው። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 በኋላ ብዙ ቤተሰብ ሲበተን፣ ትምህርት ሲዘጋና ሲከፈት፣ ልጆች በደረጃ ሥርና በሚክላት (በሕዝብ መጠለያ) ሲያድሩ፣ የሚያያቸው የትምህርት ቤት ነርስም አማካሪም ለረጅም ጊዜ አላገኙም። በዚያ ወቅት ልጆቻችን ላይ ምን እንደደረሰ ገና ቀስ በቀስ እየሰማን ነው።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲደረግልን በትሕትና እናመለክታለን። የስታቲስቲክስ ቢሮውና የሕፃናት ምክር ቤቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን፣ ከ15 እስከ 17 እና ከ18 እስከ 19 ያሉትን ለያይተው ያቅርቡ፤ ከወሊድ በኋላ በዓመቱ ልጅቷ በትምህርት ላይ መሆን አለመሆኗንም አብረው ይጻፉ። ይህ ሲደረግ ግን በከተማ ወይም በሰፈር ተነጥሎ አይታተም፤ ጥቂት በሆንበት ቦታ አንድ ቁጥር አንዲት ልጅን በጣት ማሳየት ነው፣ ጋዜጣም ላይ በእኛ ስም ሌላ ነቀፋ እንዲጻፍ አንፈልግም። በከተማችን ባሉ ቁፓት ሆሊሞችና ቲፓት ሃላቮች (የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያዎች) ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው ለማንም፣ ይልቁንም ለራሱና ለወላጁ እንዳያስተረጉም ይከልከል፣ የስልክ ትርጉሙም ሥራ ላይ ይዋል፤ ነርሷም ልጅቷን ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን ማነጋገር ልማድ ታድርገው። የወሊድ መከላከያ ለማንኛዋም ልጃችን ሲሰጥ ስሙ፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ የሚያመጣው ችግርና ያለው ሌላ አማራጭ በምትረዳው ቋንቋ ተነግሯት በመዝገቧ ይስፈር።

ከሁሉ አጥብቀን የምንለምነው የትምህርቱን ነው። የወለደች ተማሪ ከስም ዝርዝር ከመውጣቷ በፊት የከተማው የትምህርት ክፍልና የማኅበራዊ ደህንነት ሠራተኛ ከእሷና ከወላጇ ጋር አንድ ላይ ይቀመጡ፤ የማዖን ቦታና የትምህርት ቦታ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ እንዳይዘጋ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ይሰጣት። ለእኛ ለወላጆችም በአማርኛ ስለ ልጆቻችን አካልና ዕድሜ የምንማርበት ምሽት ይዘጋጅልን። እናቶቻችን ይህን ነገር በቤት አላስተማሩንም፤ ልጆቻችን ደግሞ በትምህርት ቤት ሰምተው ለእኛ ለመንገር ያፍራሉ። በመካከል ያለውን ዝምታ ለመስበር ፈቃደኞች ነን።

ይህን አቤቱታ በዕብራይስጥም አዘጋጅተን አያይዘናል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ኃላፊው ማን እንደሆነ ተጠቅሶ በሁለቱም ቋንቋዎች የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁ ተወካዮቻችን ዝግጁ ናቸው። አብዛኞቻችን በጽዳትና በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ስለምንውል፣ ስብሰባው ማታ ቢሆንልንና እዚሁ አሽኬሎን ውስጥ ቢደረግልን በብዛት ለመገኘት እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአሽኬሎን የምንኖር የቤተ እስራኤል እናቶች፣ አያቶች፣ አባቶችና ሽማግሎች